በባዶ ሆድ የሰከረው ሽማግሌ

አልጠጣም። ይህን ከመነሻው ልናገርና እንገላገል። ቢራ አልጠጣም፣ ጠጅ አልጠጣም፤ አረቄማ ገና ከሩቅ ሲሸተኝ መንገድ ተሻግሬ ነው የማልፈው። ሠርግ ቤት ስጠራ ከሕፃናቱ ጋር ለስላሳ የሚታደለኝ ሰው ነኝ። የሥራ ባልደረቦቼ በዚህ ምክንያት ከእኔ ጋር ማምሸት አይወዱም፤ «አንተ ካለህ ጨዋታው ስብሰባ ይመስላል» ይሉኛል። ይበሉ። እንግዲህ ይህን የመሰለውን ሰው ነው በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ ሺሺንዳ መግቢያ ላይ ጠጥቶ ሲያሽከረክር ተያዘ ያሉት።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። ከሥሩ ያለው ደግሞ ሆዴ ነው።

ቦንጋ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ጠመኔ ይዞ ቆሞ መዋል ያከሳል ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔን ግን አወፈረኝ። ሰሌዳው ላይ የላይኛውን መስመር ስጽፍ ሆዴ የታችኛውን ያጠፋው ጀመር። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ዳስተሩን ያንሱት» እያሉ ይስቃሉ። በዚህ መሀል ለምርመራ ብሄድ ሐኪሙ «ስኳርዎ ድንበሩ ላይ ቆሟል፤ ክብደት ይቀንሱ፣ እህል ነገር ትንሽ ቀነስ ያድርጉ፣ ከዚያ ተመልሰው ይምጡና እንየው» አለኝ። እኔን የሚያውቅ ሰው «ትንሽ» ብሎ አያዘኝም። አንድ ነገር ከያዝኩ ጨርሼ ነው የምይዘው። ስልኬ ላይ ደግሞ ጡንቻው የተወጠረ አንድ ሰውዬ «እህል ጠላትህ ነው!» እያለ ሲጮህ አየሁና በዚያው ቀን ከእህል ጋር ተቆራረጥኩ።

እንጀራ ቀረ። ዳቦ ቀረ። ድንችና በቆሎ ቀሩ። ቆጮ ቀረ፤ ማር ሳይቀር ቀረ። ከፋ ተወልዶ ቆጮና ማር የተወ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጎረቤቶቼ መጀመሪያ የታመምኩ፣ ቀጥሎም ሃይማኖት የቀየርኩ መሰላቸው። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ሲታደል «ይቅርብኝ» በማለቴ ከሟች ጋር ቂም ነበረው ተብሎ ተወራብኝ። እኔ ምን ገዶኝ! እንቁላሌን፣ ጎመኔን፣ አቮካዶዬንና ሥጋዬን እየበላሁ ቀበቶዬን በኩራት አጠብቃለሁ። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ፣ ጠየቀኝም አልጠየቀኝ፣ ስለ ዳየት እመክረዋለሁ። ከሲታ ሰው መንገድ ላይ አስቁሜ ክብደት እንዲቀንስ መክሬ አውቃለሁ።

ያልተደሰተችው ባለቤቴ አልማዝ ብቻ ናት። አንድ ጠዋት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «አፍህ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል» አለችኝ።

«የጤንነት ሽታ ነው» አልኳት።

«ጤንነት እንዲህ የሚሸት ከሆነስ እኔ ብታመም ይሻለኛል።»

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከምን እንደሚሠራ ለተማሪ ሳስረዳ የኖርኩ ሰው መሆኔን ልብ በሉልኝ። ግን ማን የራሱን አፍ ያሸታል?

እዚህ ላይ ጋብቻው ይገባል። የእህቴ ልጅ ምትኩ እኔ ቤት ነው ያደገው። ጨዋ ልጅ ነው፣ የግብርና ባለሙያ ነው፣ ዝምተኛ ነው። ዝምተኛ ሰው ሲወድ ደግሞ አያድርስ ነው። የወደዳት አስቴር ትባላለች፤ ሺሺንዳ ጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ቦንጋ ስትማር እኔው ነኝ ኬሚስትሪ ያስተማርኳት። እስከዚህ ድረስ ማር ነው። ችግሩ አባቷ ናቸው።

አቶ አድማሱ የቡና ነጋዴ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ናቸው። ታላቅ ወንድማቸውን መጠጥ ስለነጠቃቸው መጠጥ የሚባል ነገር በደጃቸው አያልፍም። ከእኛ በፊት አስቴርን ለሌላ ልጅ ሊጠይቁ የተላኩ ሽማግሌዎች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ አረቄ አረቄ ሸተታቸውና ነገሩን ሳይሰሙ ሁሉንም ከበር መለሷቸው። ሰዎቹ ዕርቅ ቢልኩ፣ ፓስተር ቢልኩ፣ ወይ ፍንክች! አቶ አድማሱ አንዴ እምቢ ካሉ አሉ ነው። ምትኩ ይህን ስለሚያውቅ በመሄጃችን ዋዜማ እጄን ይዞ «ጋሼ፣ እርስዎ ስለሚሄዱልኝ ነው ልቤ ያረፈው። እርስዎ አይጠጡም» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «ልጄ፣ ያለቀ ነገር ነው፤ ሂድና ተኛ» አልኩት።

አብረውኝ የሚሄዱት ሁለት ናቸው። አንደኛው ጋሽ ኃይሌ፣ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ፤ አፋቸው ቅቤ ነው፣ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ጋሽ ተክሌ፣ ብዙም አይናገሩም፤ እውነቱን ለመናገር ለጢማቸው ነው የመረጥናቸው። እንደዚያ ያለ ነጭ ጢም ፊት ቆሞ እምቢ ማለት ይከብዳል ብለን ነው። እኔ ደግሞ የአማቼን አሮጌ ፒካፕ ተውሼ ሹፌርም፣ ሽማግሌም፣ የጉዞው አዛዥም ሆንኩ።

ጋሽ ኃይሌ ዋዜማውን ትእዛዝ አስተላልፈው ነበር። «ማንም ቁርስ በልቶ እንዳይመጣ! የጠገበ ሽማግሌ ያዝዛል እንጂ አይለምንም።» ጥሩ አባባል ነው። እኔ ግን ለዳየቱ ብዬ እራቴንም ትቼ ስለነበር፣ ስነሳ ሆዴ ከፊተኛው ቀን ምሳ ወዲህ ምንም ነገር አላየም ነበር። አልተሰማኝም። ወደ ድል የሚሄድ ሰው አይርበውም።

ጋሽ ኃይሌ ኮረሪማ እያኘኩ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። በሩ እንደተዘጋ ከኮረሪማው ሥር ሌላ ነገር መጣብኝ።

«ጋሽ ኃይሌ!» አልኩ መሪውን ለቅቄ። «አረቄ? ዛሬ? አቶ አድማሱ ቤት እየሄድን?»

«ለጉሮሮዬ ነው። ንግግር እኮ ዘይት ይፈልጋል» አሉ፣ ኮታቸውን እያስተካከሉ። «አንዲት መለኪያ ደግሞ መጠጥ አትባልም። ራቅ ብዬ ቆሜ ነው የምናገረው፤ አንተ መንገድህን ንዳ።»

ምን ላድርግ? ተናጋሪ ያለ እሳቸው የለንም። መስኮቱን በሙሉ አወረድኩና ነዳሁ። ጋሽ ተክሌ አጠገቤ ተቀምጠው ጉንጫቸውን ይዘዋል፤ በዚያው ሰሞን ጥርስ አስነቅለው ነበር። የውሽውሽን የሻይ እርሻ ስናልፍ ጭጋጉ ተገፎ ፀሐይ ወጣ፤ እኔም ስለ ዳየት መምከር ጀመርኩ። ሁለቱም አንቀላፉ።

ሺሺንዳ ልንገባ ስንል ትራፊክ ፖሊስ እጁን አነሳ። አንድ ወጣት ሳጅን ነው፤ አነጋገሩ ከሌላ አገር ተመድቦ እንደመጣ ይናገራል፤ ትሑት ልጅ ነው። ሰላምታ ሰጥቶ በመስኮቱ ጎንበስ ሲል፣ ከኋላ የጋሽ ኃይሌ «ጉሮሮ» ተቀበለው። አፍንጫው ሲነፋ አየሁ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ትንሽ ቀምሰዋል እንዴ?» አለኝ።

ሳቅሁ። ወዳጆቼ፣ ከልቤ ነው የሳቅሁት። የገበያ ሰው ዘወር ብሎ እስኪያየን ድረስ ሳቅሁ። «እኔ? እኔን ነው? አምጣው መሣሪያህን! ሁለቴ እነፋልሃለሁ!»

«አንዴ ይበቃል» ብሎ የትንፋሽ መመርመሪያውን አቀረበልኝ። ማርና ቡና የጫኑ ሰዎች ቆሙ፤ እኔም ተመልካች ሲኖር የባሰ ስለምጎብዝ ደረቴን ሞልቼ ነፋሁ። መሣሪያው ጢጥ አለ። ሳጅኑ አየው፤ ወዘወዘና ደግሞ አየው።

«የሚያስቀጣ አይደለም፤ ከሚፈቀደው አላለፈም» አለ። «ግን ትንሽ ነገር ያሳያል፤ የለም ማለት አይቻልም። ጥላው ሥር አረፍ ይበሉና ደግመን እንየው።»

እዚህ ላይ አእምሮ ያለው ሰው ቢሆን ጥላው ሥር ይቀመጣል፤ ወጉም እዚሁ ያልቃል። እኔ ግን «የለም ማለት አይቻልም» የሚለው ቃል እንደ እሾህ ወጋኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ሳልጠጣ ኖሬ «ትንሽ ነገር» ሊባልብኝ! አቶ አድማሱ በር ላይ «ትንሽ ነገር» ይዤ ልቆም!

«የለም፣ ዜሮ ሳላይ አልሄድም» አልኩ። «የአፌ ነገር ይሆናል፤ ልጉመጥመጥና አሁኑኑ እነፋለሁ!»

ጋሽ ተክሌ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «እኔ ጋ መጉመጥመጫ አለ፤ የጥርስ ሐኪሙ የሰጠኝ» ብለው ከኪሳቸው አረንጓዴ ነገር የያዘች ጠርሙስ አወጡልኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ። ሳጅኑ «ጋሼ፣ ቆይ…» ሲል እኔ አፌን ሞልቼ እጉመጠመጣለሁ፤ ጉንጬ ሲያብጥ የገበያው ሕፃናት ይስቃሉ። ተፋሁት። «አሁን አምጣ!» ብዬ ነፋሁ።

መሣሪያው ጢጥ አላለም፤ ጮኸ። ሳጅኑ ከእጁ ሊጥለው ደረሰ። ቁጥሩን አይቶ እኔን አየኝ፤ እኔን አይቶ ቁጥሩን አየ።

«ጋሼ» አለ በቀስታ፣ «በዚህ ቁጥር እኮ ሰው አይቆምም።»

ጠርሙሷን ገለበጥኩና ጀርባዋ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሕፈት መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። አልኮል ይላል። ከውኃ ቀጥሎ ሁለተኛው እሱ ነው። «ሳጅን፣ ይኸው! መጉመጥመጫው ራሱ አልኮል አለበት! በሳይንስ ተብራራ እኮ!» ብዬ ጮኽኩ። ሰካራም ሰው ደግሞ እንደዚያው ነው የሚጮኸው፤ ተመልካቹ ራሱን ነቀነቀ።

«ሊሆን ይችላል» አለ ሳጅኑ። «ግን መጀመሪያም፣ ሳይጉመጠመጡ በፊት አሳይቷል። አሁን ደግሞ መሣሪያው ያየውን አይቷል። በዚህ ሁኔታ መኪናዋን ሊነዱ አይችሉም።»

ጋሽ ኃይሌ ይህን ጊዜ ከመኪናው ወርደው ነጠላቸውን አጣፍተው ተግሣጽ ጀመሩልኝ። «አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? የሽማግሌ ክብር በአፉ ነው! እኛ በንጹሕ አንደበት እንሂድ ብለን፣ አንተ ይህን ታመጣብን?» ንጹሕ አንደበት አሉ! ኮረሪማቸው ጥርሳቸው ላይ እንዳለ! ደሜ ፈላ፤ ግን ምን ልበል? እሳቸውን ባጋልጥ የምትኩ ጉዳይ ገደል ገባ። ዋጥ አደረግሁት።

ሳጅኑ ግን ተግሣጹ ደስ ሳይለው አልቀረም። «አባባ፣ እርስዎ መንጃ ፈቃድ አለዎት?»

«ሳልወልድ ያወጣሁት!» አሉ ጋሽ ኃይሌ ኮራ ብለው።

«እንግዲያው እርስዎ ይንዱ። እስቲ እዚህ ይንፉልኝ።»

እንደዚያ ያለ ሳል ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ ኃይሌ ደረታቸውን ይዘው ወደ ኋላ ተመለሱ። «እህ… እህ… ልጄ፣ ሐኪም መንፋት ከልክሎኛል። ለልጅ ልጆቼ እንኳ ፊኛ አልነፋም» አሉ። ጋሽ ተክሌ ሳይጠየቁ «እኔ ከበቅሎ በስተቀር ምንም ነድቼ አላውቅም» ብለው ጢማቸውን ዳበሱ።

ስለዚህ ጤና ጣቢያ ሄጄ ልመርመር አልኩ። ራሴ ነኝ ያልኩት! ሳጅኑም «ጥሩ፣ አብሬዎት እሄዳለሁ» አለ። መኪናዋ ጥግ ያዘች፤ እኛ ገበያውን ሰንጥቀን በእግር ጉዞ ጀመርን። ከፊት ሳጅኑ፣ ቀጥሎ እኔ በሙሉ ልብሴ፣ ከኋላዬ ሁለት ነጫጭ ነጠላ የለበሱ ሽማግሌዎች። ከእህል ከተቆራረጥኩ ሰንብቻለሁ፤ በዚያ ላይ ሆዴ ባዶ ነው፣ ፀሐዩም ከረረ። የሽንኩርት ቅርጫት ላለመርገጥ ወደ ግራ ስል፣ የቡና ጆንያ ላለመንካት ወደ ቀኝ ስል፣ ለካ መንገዱን በሙሉ እየተንገዳገድኩ ነው የማልፈው። «ውይ፣ ይኼን የመሰለ ሰውዬ!» አለች አንዲት ሴት ከንፈሯን መጥጣ።

ወሬማ ከእኛ ቀድሞ ሄደ። በአማርኛ «አንድ ሽማግሌ ተያዘ» ተብሎ የተጀመረው፣ በካፊኖኖ ገበያውን ዞሮ ሲመለስ ሦስታችንም ሰክረን መኪና ገልብጠናል። የአቶ አድማሱ መጋዘን ያለው ደግሞ እዚያው ገበያው ዳር ነው። ልቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንጥቅ አለች። የምትኩ ዓይን ትዝ አለኝ። ቢሆንም ለሽማግሌዎቹ «አይዟችሁ፣ ሁሉም በቁጥጥር ሥር ነው» አልኳቸው። ጋሽ ኃይሌ «እኛማ ነን በቁጥጥር ሥር ያለነው» አሉ።

የላብራቶሪውን በር ስንከፍት የተቀመጠችው ማን ትሁን? ሌላ ማን ሊሆን! አስቴር ናት። ነጭ ጋውን ለብሳለች። መምጣታችንን ከምትኩ ሰምታ ከጠዋት ጀምሮ ስትጠብቀን ነበር፤ ብቻ በቤታቸው በር እንጂ በፖሊስ አጀብ ይመጣሉ ብላ አልጠበቀችም።

«ቲቸር!» ብላ ብድግ አለች። «ምን ሆነው ነው?»

ሳጅኑ የሆነውን ነገራት። እሷ ስትሰማ ቀረብ ብላ ትንፋሼን አሸተተች፤ እኔ በሐፍረት ጣሪያ ጣሪያ አያለሁ። «እስቲ ያናግሩኝ ቲቸር። ምን በልተዋል?»

«ምንም።»

«ትናንትስ?»

ትናንትንም፣ ከትናንት ወዲያንም፣ ጡንቻማውን ሰውዬም፣ ዳየቱንም ነገርኳት። አጋጣሚው ከተገኘ ብዬ ሳጅኑንም ጭምር መከርኩት። አስቴር ሳቋን ይዛ ጣቴን ወጋችና ስኳሬን ለካች፤ የሽንት ዕቃም ሰጠችኝ። ያመጣሁላት ውስጥ አንዲት ቀጭን የመመርመሪያ ወረቀት ነክራ አየች። ወረቀቷ ቀለሟ እየጠቆረ ሄደ።

«ወይን ጠጅ ሆነ» አለች።

ሳጅኑ «ይኸው!» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ።

«ቀለሙ! ቀለሙን ነው ያልኩት!» ብላ ወረቀቷን አሳየችው። «ኪቶን ነው። ሰውነት እህል ሲያጣ የራሱን ስብ ያቃጥላል። ያን ጊዜ ከሚወጣው አንዱ አሴቶን ነው፤ የጥፍር ቀለም የሚለቀቅበት፤ በትንፋሽ ይወጣል። ጥቂቱን ደግሞ ሰውነት ራሱ ወደ ሌላ ዓይነት አልኮል ይለውጠዋል፤ ከሚጠጣው የተለየ ነው፤ አንዳንድ መመርመሪያ ግን አይለየውም። የመጀመሪያዋ ትንሽ ቁጥር ከዚያ ትመስለኛለች። ትልቁ ቁጥር ግን መጉመጥመጫው አፋቸው ውስጥ ስለቀረ ነው። በውኃ ይታጠቡና ጥቂት ቆይተው ይንፉ፤ ይወርዳል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ አሴቶንን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት እኮ። ‹በጠረኑ ብቻ ትለዩታላችሁ› ይሉን ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን መሬት ስለማትከፈት «አዎ፣ አንቺን ልፈትንሽ ብዬ ነው» አልኳት።

አስቴር አልሳቀችም። «ሳጅን፣ ይኼን ደግሞ አደራ» አለች። «ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ከልክ ሲያልፍ አፉ እንዲሁ ይሸታል። ይንገዳገዳል፣ ቃሉም ይኮላተፋል። ሰክሯል ይተኛ ብላችሁ ከተዋችሁት ግን ላይነሳ ይችላል። እንዲህ ያለ ስታገኙ ወደዚህ አምጡልን።» ሳጅኑ ኮፍያውን አውልቆ «እሺ እህቴ» አለ። እኔም ያን ጊዜ እውነት ለመናገር ፈራሁ። ስኳሩ ድንበር ላይ የቆመ ሰው በስልክ ምክር እህል ሲያቋርጥ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ገባኝ።

«የእርስዎ ስኳር እንኳ አሁን ወርዷል» አለችኝ። «ይኸው እጅዎ ይንቀጠቀጣል። አሁኑኑ እህል መቅመስ አለብዎት። ይኼን ዳየት ደግሞ ያለ ሐኪም ሁለተኛ እንዳይነኩት።» ይህን ብላ ምሳ ዕቃዋን ከመሳቢያ አውጥታ ፊቴ ከፈተችው። ቆጮ በጎመንና በአይብ። የአይቡ ሽታ ብቻውን ሊገድለኝ ነበር።

ጋሽ ኃይሌ ከበሩ ሥር «እንዳትነካ!» ብለው ጮኹ። «የሽማግሌ ሥርዓት የት ሄደ? እሺ ሳይባል የልጅቷ እጅ ይቀመሳል?»

እውነታቸውን ነው። ሽማግሌ ከተላከበት ቤት እሺ ሳይባል እህል አይቀምስም። ቀመሰ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እጄን ሰበሰብኩ።

«አባባ፣ ይኼ ቤታችን አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ነው» አለች አስቴር። ከዚያም አንዲት ቁራሽ በእጇ ጠቅልላ «መድኃኒትዎን ይውሰዱ ቲቸር» አለችኝ።

ወዳጆቼ፣ ያቺን ቁራሽ መቼም አልረሳትም። ዓይኔን ጨፍኜ አላመጥኳት። ስልኬ ላይ የሚጮኸው ሰውዬ በዚያች ደቂቃ ቢመጣ እሱንም አጎርሰው ነበር። ጉልበቴ ተመለሰ፣ ዓይኔ በራ። ሁለተኛዋንም አጎረሰችኝ። ከዚያ በውኃ ታጥቤ፣ አስቴር ባለችው መሠረት ዝም ብዬ ጠበቅሁ፤ እኔ ዝም ስል የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ቆይቶ አስነፋኝ። ትልቁ ቁጥር የለም! ያቺው ትንሿ ብቻ ቀርታለች፤ እሷም ከቀድሞው አንሳለች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ሳጅኑ። «እኔ ራሴ እመሰክርልዎታለሁ።»

ደስታዬን ለማክበር ሦስተኛዋን ቁራሽ ከአስቴር እጅ ተቀብዬ አፌ ውስጥ እንዳደረግሁ በሩ ተበረገደ። አቶ አድማሱ ናቸው። ኮታቸው ላይ የቡና ገለፈት ተጣብቋል፤ ከመጋዘን በቀጥታ እንደመጡ ያስታውቃል። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ማነው ሰክሮ ወደ ቤቴ የሚመጣው?» አሉ።

አፌ ሙሉ ስለሆነ መልስ መስጠት አልቻልኩም። ሳጅኑ ሰላምታ ሰጥቶ «አባባ፣ አልጠጡም። በባዶ ሆድ ነው፤ በምርመራ ተረጋግጧል፤ እኔ እመሰክራለሁ» አላቸው። አቶ አድማሱ ቀርበው ፊቴን አዩ። ትንፋሼን ማሽተታቸው ነው፤ ቆጮ ብቻ ሸተታቸው። ፊታቸው ትንሽ ረገብ አለ። ጋሽ ኃይሌ ግን ከእኔ ኋላ ገብተው ግድግዳ ተለጥፈዋል፤ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል።

የአቶ አድማሱ ዓይን ምሳ ዕቃዋ ላይ አረፈ።

«ይኼ የማን ምሳ ነው?»

«የእኔ ነው አባዬ» አለች አስቴር።

«ማን አቀረበላቸው?»

«እኔ።»

«ለምን ጉዳይ እንደመጡ አታውቂም ነበር?»

«አውቃለሁ።»

ቆጮዋን ሳላኝክ ዋጥኳት። የምትኩ ዕጣ ፈንታ በዚያች ምሳ ዕቃ ውስጥ ተቀምጣለች። ሲያሳዝን፣ እስከ ዛሬ በአፌ የተበላሸ ነገር የለም እያልኩ የምኮራ ሰው ነበርኩ።

«ለመድኃኒት ነው ያጎረስሻቸው?» አሉ አቶ አድማሱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አስቴር መጀመሪያ ወደ ምሳ ዕቃዋ አየች፤ ቀጥሎ ቀና ብላ አባቷን አየች። «የመጀመሪያዋ ለመድኃኒት ነበረች አባዬ» አለች። «የቀሩትን ግን ወድጄ ነው ያጎረስኳቸው። ምትኩን እወደዋለሁ።»

ሳጅኑ መሣሪያውን ያጸዳ ጀመር። ጋሽ ተክሌ ጢማቸውን ያዙ። አቶ አድማሱ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ከዚያ ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

ጋሽ ኃይሌ ጊዜው አሁን ነው ብለው ነጠላውን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው «እንግዲህ የተከበሩ አቶ አድማሱ፣ የዛሬው መምጣታችን…» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ እኔ በነፍስ ደረስኩና እግራቸውን ረገጥኩ። አቶ አድማሱም እጃቸውን አነሱ።

«ይተውት፣ ወዳጄ» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ቀምሰዋል?»

«ቀምሻለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው እኔን ምን ይጠይቁኛል? መልስዎን ከእሷ እጅ በልተዋል።»

ጋሽ ኃይሌ ስንት ሰሞን ያጠኑትን ንግግር ዋጡት። እኔ ደግሞ አራተኛዋን ቁራሽ።